የጌጥ ዓሣ ንግድና የነጭ ነጠብጣብ በሽታ

ከውጭ አገር የሚመጣው የንግድ ዕቃ አብዛኛው በመጋዘን ቢውል ቢያድር ከዋጋው እምብዛም አይጎድልበትም። ጨርቁም፣ ምስማሩም፣ ብርጭቆውም ሳይለወጥ ገዢውን ይጠብቃል። በመስታወት ገንዳ ተቀምጦ ለቤትና ለሆቴል ጌጥ የሚሸጠው ዓሣ ግን ሕይወት ያለው ሸቀጥ ስለ ሆነ፥ አስመጪው ያላዘዘውንና በደረሰኙ ላይ ያልተጻፈውን ሌላ ሕይወት ከዓሣው ጋራ ሊያስመጣ ይችላል። ይኸውም በዓሣው ቆዳና በሚተነፍስበት ስንጥብ ውስጥ ተደብቆ የሚጓዘው ጥገኛ ተሐዋስ ነው። እንግዲህ ዓሣውን በደረሰበት ዕለት ወይም በማግሥቱ ለሽያጭ አቅርቦ፥ በሽታው በገዢው ቤት ሲገለጥ ደግሞ መድኃኒቱን መሸጥ ለጊዜው ሁለት ትርፍ ቢመስልም የንግድ ብልሃት ሊባል አይገባውም። የመጣው ዓሣ ሁሉ ለሕዝብ ከመሸጡ አስቀድሞ በሻጩ ዘንድ ተለይቶ መቆየት አለበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚታየው በሽታም የሻጩ ዕዳ እንጂ የገዢው አይደለም።

የዓሣውን የጉዞ ሁኔታ የተመለከተ ሰው ይህ ሐሳብ ከባድ ግዴታ አይመስለውም። ሲንጋፖር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የዚህ ንግድ ዋና መተላለፊያ ሆና ቆይታለች፤ በብራዚል አገር በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ያለችው የባርሴሎስ ከተማም ካርዲናል ቴትራ የተባለውን ቀይና ሰማያዊ ትንሽ ዓሣ ከወንዝ እያስጠመደች በመላክ የታወቀች ናት። ዓሣው ከአጥማጁ ወይም ከአርቢው እጅ ወጥቶ በሰብሳቢው፣ በላኪውና በአስመጪው በኩል አልፎ ባለሱቁ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በየቦታው ከሌላ ስፍራ ከመጣ ዓሣ ጋራ ይገናኛል። በአውሮፕላን የሚጫነውም ሢሶው ያህል ውኃ፥ የቀረው ኦክሲጅን በሆነ የፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ነው። የጭነት ዋጋ በክብደት ሲታሰብ የሚከብደው ውኃው ስለ ሆነ፥ ላኪው ውኃውን ማሳነስና ዓሣውን ማብዛት ቢወድ አያስደንቅም። በዚያ ጥቂት ውኃ ውስጥ ዓሣው ራሱ የሚያወጣው አሞኒያ ይከማቻል፤ ሙቀቱም ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ተጨንቆ የመጣ ዓሣ በሽታን የሚከላከልበት ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ከረጢቱ በተከፈተበት ሰዓት ዓሣው ጤነኛ መስሎ መታየቱ የጤንነት ማስረጃ አይሆንም።

በጣፋጭ ውኃ ዓሣ ላይ ከሚደርሱት የተሐዋስ በሽታዎች ሁሉ የበለጠ የታወቀው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው። የሚያመጣው ተሐዋስ ኢክትዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ ይባላል፤ ዓሣ አርቢዎች ግን በአጭሩ ኢክ ይሉታል። ፉኬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ይህ ስም ብዙ ልጆች ያሉት የዓሣ ቅማል ማለት ነው። ፍጡሩ አንዲት ሕዋስ ብቻ ያለው እንጂ ቅማል አይደለም፤ ስለ ልጆቹ ብዛት ግን ስሙ እውነተኛ ነው።

አኗኗሩን ጠንቅቆ ያላወቀ ሻጭ መድኃኒቱን በከንቱ ስለሚያባክን፥ ነገሩን ዘርዘር አድርጎ መመልከት ይጠቅማል። ተሐዋሱ በመጀመሪያ በዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ እየተመገበ ያድጋል። በዚህ ጊዜ በዓሣው ገላ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚያስመስል ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ነጠብጣብ ካደገ እስከ አንድ ሚሊሜትር ይደርሳል። ከጠገበ በኋላ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ወደ ገንዳው ወለል ወርዶ በአሸዋው፣ በድንጋዩ ወይም በተክሉ ላይ ይለጠፋል። በዚያም ራሱን በሽፋን ጠቅልሎ ይከፋፈላል፤ ከአንዱ ብዙ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ ልጆች ይወጣሉ። እነዚህ በውኃው ውስጥ እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በሞቀ ውኃ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ካላገኙ ይሞታሉ።

የመድኃኒቱ ምሥጢር ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በውኃ ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት የሚገድለው እየዋኘ ዓሣ የሚፈልገውን ልጅ ብቻ ነው፤ በዓሣው ቆዳ ሥር ያለውንም ሆነ በወለሉ ላይ ተሸፍኖ የሚከፋፈለውን አይነካውም። ገዢው ግን አንድ ቀን መድኃኒት ጨምሮ በሦስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ሲጠፋ ዓሣው ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ጠርሙሱንም ከድኖ ያስቀምጠዋል። ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት ተሐዋሱ ሞተ ማለት አይደለም፤ ጠግቦ ለመከፋፈል ወረደ ማለት ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ቀን በኋላ በአንድ ነጠብጣብ ፋንታ መቶ ሲወጣ፥ መድኃኒቱ የማይረባ ነው፣ ሻጩም አታላይ ነው ይባላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ተሐዋሱ በስንጥቡ ላይ ብቻ ሲሰፍር ነው፤ ያን ጊዜ ዓሣው አንድም ነጠብጣብ ሳይታይበት ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ ሲያለከልክ ቆይቶ ይሞታል። ታምሞ የተረፈ ዓሣም ጥቂት ተሐዋስ ይዞ ጤነኛ መስሎ ሊኖር ስለሚችል፥ ለአዲስ መጤዎች የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

እንግዲህ ሕክምናው በውኃው ሙቀት ልክ ሊቆጠር ይገባል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የተሐዋሱ ዑደት ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ከአንድ ወር ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በሞቀ ገንዳ መድኃኒቱ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይደጋገማል፤ የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋም በኋላ ይቀጥላል። ሙቀትን ለሚችሉ ዓሣዎች ውኃውን በቀስታ ወደ 30 ዲግሪ ማድረስ ይረዳል። ጨውም በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ድረስ የሚሠራበት ርካሽ ዘዴ ነው፤ ተክልና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ግን አይወዱትም። ከዚህ በላይ የሚታወቁት መድኃኒቶች ፎርማሊንና ማላካይት ግሪን ናቸው።

በአዲስ አበባ ለሚነግድ ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ በባሕር ጠረፍ ከተሞች ለሚኖር አርቢ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግረውም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ ውኃዋ በእኩል ሙቀት ከጠረፍ ውኃ ይልቅ ሩብ ያህል ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ውኃውን ማሞቅ ኦክሲጅንን ይቀንሳል፤ ፎርማሊንም ይቀንሳል፤ ስንጥቡ የቆሰለ ዓሣ ደግሞ ከቀድሞው የበለጠ አየር ይሻል። ሦስቱ በአንድ ሌሊት ሲገናኙ ዓሣውን የሚገድለው ተሐዋሱ ሳይሆን ሕክምናው ይሆናል። ስለዚህ የአየር መንፊያውን ሳያጠነክር መድኃኒት የሚጨምር ሰው ገንዘቡን ያባክናል። መብራት ሲቋረጥ ማሞቂያውና መንፊያው በአንድነት እንደሚቆሙም መርሳት አይገባም።

በዚህ ንግድ ላይ ያሉ ሰዎች የሚያቀርቡት መቃወሚያ የታወቀ ነው፤ የማይረባም አይደለም። ዓሣውን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለይቶ ማቆየት ገንዳ፣ ምግብ፣ መብራትና ሠራተኛ ይጠይቃል፤ ገንዘብም ታስሮ ይቆያል፤ በዚህ መካከል የሚሞተው ዓሣ ኪሳራ ነው ይላሉ። ወጪ መኖሩ እርግጥ ነው። ነገር ግን በመቆያው ገንዳ የሚሞተው ዓሣ በተሸጠም ጊዜ የሚሞት ነበር፤ ልዩነቱ ኪሳራውን የሚሸከመው ሰው ብቻ ነው። በገዢው ቤት ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይሞትም። ለምሳሌ አንድ ደንበኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳደጋቸው ሃያ ዓሣዎች አሉት እንበል። አንድ አዲስ ዓሣ በጥቂት ብር ገዝቶ ቢጨምርና ሁሉም ቢያልቁ፥ ሻጩ ያተረፈው የአንዱን ዋጋ ሲሆን ያጠፋው የሃያውን ነው። ያ ሰው ሌላ ዓሣ አይገዛም፤ ምግቡንም፣ መብራቱንም፣ ማጣሪያውንም አይገዛም፤ ገንዳውን ሸጦ ከዚህ ገበያ ይወጣል። የዓሣ ነጋዴ ትርፉ በዓሣው ላይ ሳይሆን ከዓመት እስከ ዓመት ተመላልሶ በሚመጣው ደንበኛ ላይ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው ሒሳቡን ገና አልጨረሰም።

በሱቁም ውስጥ ቢሆን እንዲሁ ነው። አሥር ገንዳዎች በአንድ ማጣሪያና በአንድ ቧንቧ ውኃ የሚቀባበሉ ከሆነ አሥር ገንዳ ሳይሆን አንድ ገንዳ ናቸው፤ ትናንት የገባው የታመመ ዓሣ ለሁሉም ያካፍላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የመለያው ገንዳ የራሱ ማጣሪያ፣ የራሱ መረብና የራሱ ባልዲ ሊኖረው ይገባል። አንድ እርጥብ መረብ ከገንዳ ወደ ገንዳ ቢዘዋወር የመለየቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ትንሹ ባለሱቅ ይህን ሁሉ ብቻውን ሊያደርግ እንደማይችል ማመን ፍትሕ ነው። ስለዚህ ዋናው ግዴታ በአስመጪው ላይ ይወድቃል። ብዙ ከረጢት በአንድ ጊዜ የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ጭነቱ ከየት እንደ መጣ የሚያውቀውም እርሱ ነው። ባለሱቁ ግን ከአስመጪው ሲገዛ ዓሣው የደረሰበትን ቀን መጠየቅና ያንኑ ቀን በገንዳው ላይ ለጥፎ ለገዢው ማሳየት አይከብደውም። ሦስት ሳምንት የቆየ ዓሣ ትናንት ከመጣው በጥቂት ቢወደድ የሚያማርር ደንበኛ አይበዛም፤ የሚያማርረውም ምክንያቱ ከተነገረው በኋላ ይረዳዋል።

ስለ መድኃኒቱ ንግድም ጥቂት መባል አለበት። በጠርሙሱ ላይ የዓሣ ሥዕልና ለሁሉም በሽታ የሚል ቃል ብቻ ተጽፎበት በውስጡ ያለው ነገር ያልተገለጸ መድኃኒት ማስመጣት አይገባም፤ ኢክን የሚያጠፋው ሁሉ የስንጥብ ትልን አያጠፋምና። ለእነዚህ ትሎች የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ይኸውም ሰው የቢልሃርዝያ በሽታ ሲይዘው የሚወስደው መድኃኒት ነው። የትኛው ተሐዋስ እንደ ሆነ ለመለየት ከቆዳው ላይ ጥቂት ልሃጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ከግምት ይሻላል። ፎርማሊን ደግሞ በመጋዘን ብርድ ሲመታው ነጭ አተላ ያወጣል፤ አተላው ዓሣን ስለሚመርዝ እንዲህ የሆነ ጠርሙስ ሊሸጥ አይገባውም። ማላካይት ግሪን በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ እንዳይሠራበት የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የጌጥ ዓሣ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለሚያረባ ገበሬ ይህን ጠርሙስ መስጠት አይገባውም።

የነጭ ነጠብጣብ ተሐዋስ ደግሞ የጌጡን ዓሣ ከሐይቁ ዓሣ አይለይም፤ በጣፋጭ ውኃ የሚኖረውን ዓሣ ሁሉ ማለት ይቻላል ይይዛል። በሽታው የሰለቸው ሰው የቀረውን ዓሣ ከነውኃው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ቢደፋ ጉዳቱ ከአንድ ቤት አልፎ ወደ አጥማጆች ይደርሳል። ባለሱቁ እንዲህ ያለውን ዓሣ ያለ ክፍያ መልሶ እንደሚቀበል በሱቁ ቢያስታውቅ ወጪው ትንሽ ነው፤ አዲስ ጭነት ባልገባበት ጊዜ ያው የመለያ ገንዳ ለዚህም ያገለግላል።