የሰው ወርቅ አያደምቅም

ስለ አለባበስ ምርጫ ለወጣቶች የቀረበ አሳብ

ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ልብሱ ይናገርለታል። ነገር ግን ልብስ ሁልጊዜ እውነተኛ ምስክር አይደለም፤ ባለቤቱ ያልሆነውን «ነው» ብሎ የሚመሰክር አለ፤ የሆነውንም የሚሸፍንበት አለ። እንግዲህ ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ይኸውም አንድ ተማሪ ወይም ሥራ የጀመረ የመንግሥት ሠራተኛ ለመልኩ፣ ለጠባዩና ለሚኖርበት አገር የሚስማማውን ልብስ በምን መንገድ ለይቶ ሊያውቅ ይችላል? የሚል ነው።

«ይህ የሥራ ፈቶች ወሬ ነው፤ ቁም ነገር ያለው ሰው ስለ ልብስ አይጨነቅም» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ወጣቱ ሲመሽ ሲነጋ ከመስተዋት ፊት ይቁም አላልንም። ዳሩ ግን ከመጀመሪያ ደመወዛቸው አብዛኛውን ለሙሉ ልብስና ለጫማ ከፍለው ወሩን በብድር የሚገፉ ወጣቶች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። የገዙትም ልብስ ብዙ ጊዜ የሚስማማቸው ሆኖ ሳይሆን ጓደኛቸው ለብሶት ስላማረበት ወይም በቴሌቪዥንና በስልክ ምስል ላይ ስላዩት ነው። የሚስማማውን የማያውቅ ሰው ደጋግሞ ይገዛል፤ የሚያውቅ ግን በጥቂቱ ይበቃዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ ያህል ወደ ጨፋ ሮቢት እንሂድ። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኘው ይህች ከተማ ከስሟ ጀምሮ ረቡዕን የምታስታውስ ናት። አካባቢው የጨፋ ሜዳ የተዘረጋበት፣ የቦርከና ወንዝ የሚያልፍበት፣ በበጋ ወራት ከሩቅ ሳይቀር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ለግጦሽ የሚያወርዱበት ሞቃት አገር ነው። የዞኑ ከተማ ከሚሴም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን ቆዳ ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ ከደጋ ከተማ ተመድቦ ወደዚያ የሚወርደውን ወጣት ሠራተኛ በአሳባችን እንሣለው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ ይቀመጣል። ጥቁር ቀለም የፀሐይን ሙቀት ይስባል፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ጨርቅ ደግሞ ላብን እንደ ጥጥ አይመጥም። ረፋዱ ላይ ግንባሩ ይረጥባል፤ ከቀትር በኋላ ይነጫነጫል። ከፊቱ የተቀመጠው ባለጉዳይ ግን ሽርጡን አሸርጦ፣ ሰፊ ሸሚዙን ለብሶ፣ ረጋ ብሎ ጉዳዩን ያስረዳል። ከሁለቱ ማን በሚገባ እንደ ለበሰ አንባቢ ይፍረድ። የሹመት ምልክት ነው ተብሎ የተለበሰው ልብስ የሹሙን ትዕግሥት ከነሣ ባለጉዳዩንም ጎድቶታል ማለት ነው።

የአገሬው ሰው ይህን ጥበብ ከማንም አልተማረም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው በሚገናኙበት በባቲ የሰኞ ገበያ ወይም በሰንበቴ የእሑድ ገበያ የቆመ ሰው፣ ልብስ ከአየር፣ ከሥራና ከመልክ ጋር እንዴት እንደሚስማማ በዓይኑ ያያል። አርጎባዎች በሽመናና በንግድ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። በዚያ አገር ቀለምን መምረጥ የቆየ ዕውቀት እንጂ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም።

ቀለም ከመልክ ጋር ያለውን ግንኙነት በሳይንስ መንገድ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኤዠን ሼቭረል ነበር። ይህ ሰው በፓሪስ በጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ነከራ ክፍል ኀላፊ ሳለ «ጥቁሩ ቀለም ደብዝዟል» የሚል አቤቱታ ይቀርብለት ነበር። ቢመረምረው ቀለሙ ጉድለት የለበትም፤ ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ኖሯል። ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እያንዳንዱ የሌላውን መልክ በዓይናችን ፊት እንደሚለውጠው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ልብስና ስለ ሰው መልክም ጽፏል።

ነገሩ ለእኛም የቀረበ ነው። ከፊታችን አጠገብ የሚውል ጨርቅ ፊታችንን ያበራዋል ወይም ያጠወልገዋል። ስለዚህ ከሱሪው ይልቅ ሸሚዙን፣ ከቀሚሱ ይልቅ ሻሹን አጥብቆ መምረጥ ይገባል። በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ፀጉራቸውን ሸፍነው ትምህርት ቤት የሚሄዱ እኅቶቻችን ይህን ከሁሉ በተሻለ ሊያረጋግጡት ይችላሉ፤ ሂጃብ ፊትን ዙሪያውን ከቦ እንደ ሥዕል ክፈፍ የሚይዝ ነውና። አንዲት ተማሪ በአንድ ቀሚስ ላይ የሂጃቧን ቀለም ብቻ ብትለውጥ፣ አንድ ቀን የደከማት፣ በማግሥቱ ደግሞ ያረፈች መስላ ልትታይ ትችላለች። ነጭ ሸማም በጠይም ፊት አጠገብ የሚያምርበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ፈረንጆች ሰውን በአራቱ ወቅቶች ከፍለው «አንተ ጸደይ ነህ፤ አንቺ ክረምት ነሽ» እያሉ ቀለም የሚያድሉበት ዘዴ አላቸው። ካሮል ጃክሰን የተባለች አሜሪካዊት በ1980 እንደ እነርሱ አቆጣጠር ያወጣችው መጽሐፍ ይህን ዘዴ በሰፊው አስታውቆታል። ሆኖም በዚያ አከፋፈል አብዛኞቹ ጥቁሮችና እስያውያን «ክረምት» በሚባለው በአንዱ ክፍል ታጉረዋል። የነጩን ሰው መልክ በዝርዝር ለይቶ የእኛን በጅምላ የሚያይ መለኪያ ለእኛ ምን ያህል ይጠቅማል? አማርኛችን እኮ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ የሰውን መልክ አጣርቶ ይለያል። ወጣቱ ከባዕድ ሠንጠረዥ ይልቅ ከእነዚህ ቃላት ቢጀምር ይሻለዋል።

በመሠረቱ ጥቁር መልክ ያለው ሰው ንጹሕ ነጭን፣ ደማቅ ቢጫንና ጥልቅ ሰማያዊን ያለ ችግር ይሸከማል፤ ከቆዳው ጋር የሚቀራረብ ቡናማ ግን ሊያደበዝዘው ይችላል። ለቀይ ዳማ ወይን ጠጅና ጥቁር አረንጓዴ ብዙ ጊዜ ይስማሙታል፤ በጣም የገረጣ ቢጫ ግን ፊቱን የታመመ ሊያስመስለው ይችላል። ጠይም በሁለቱ መካከል ስላለ ምርጫው ሰፊ ነው። ይህ ግን መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የሚፈርደው ዓይን ነው።

ፈተናውም ወጪ የለውም። ጨርቁን ከሱቁ አምፖል ሥር አውጥቶ በደጃፉ በቀን ብርሃን ከአገጭ በታች መያዝ፤ ከዚያም ጨርቁን ሳይሆን ፊትን መመልከት ነው። ዓይን ከጨርቁ በፊት ፊቱን ካየ ቀለሙ ተስማምቷል፤ ጨርቁ ቀድሞ ከታየ ግን ሰውዬው ማንጠልጠያ ሆኗል። ቀለሙ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ትከሻውንና እጅጌውን ማስተካከል ያስፈልጋል። በልክ የተስተካከለ ርካሽ ሸሚዝ ያለ ልክ ከተለበሰ ውድ ኮት ይበልጣል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ልብስን ለመልካቸው በመምረጥ ፈንታ መልካቸውን ለመለወጥ የሚደክሙ ወጣቶች አሉ። ቆዳ ያነጣል እየተባለ ከሚሸጠው ቅባት አንዳንዱ ሜርኩሪ ያለበት ነው፤ ሜርኩሪም ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ጥቁርነት በሚስማማ ቀለም የሚያበራ ሀብት እንጂ በቅባት የሚታከም በሽታ አይደለም። ራሱን በመስተዋት አይቶ «ይህ መልክ ምን ይስማማዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት፣ «ይህን መልክ በምን ልለውጠው?» ከሚለው ይልቅ በጤናም በክብርም ይኖራል።

መልክ ይህን ያህል ከሆነ ጠባይስ? ዝምተኛና ዐይን አፋር ሰው የሚጮህ ቀለም ቢለብስ ልብሱ ወደ አደባባይ ይጎትተዋል፤ እርሱ ግን ይሸማቀቃል። ተጫዋችና ፈገግተኛ ሰውም ከላይ እስከ ታች በግራጫ ቢሸፈን የታሰረ ይመስላል። ኔልሰን ማንዴላ በ1986 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በብዙ ስብሰባ ላይ ከኮትና ከከረባት ይልቅ ጌጥ የታተመባቸውን ደማቅ ሸሚዞች ይለብሱ ነበር፤ ክብራቸው ግን አልቀነሰም። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም በሰኔ 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ በካባቸው ነበር። ሁለቱም የሌላውን ልብስ አልተዋሱም፤ ዓለምም የሚያስታውሳቸው በራሳቸው ነው።

ከጨፋ ተወልዶ በከተማ የሚማር ወጣትም የአባቱን ሽርጥ እንደ ድንቁርና ምልክት ማየት አይገባውም። ወደ መሥሪያ ቤት በሽርጥ ይግባ ማለታችን አይደለም፤ ለሥራ ሥርዐት አለው። ነገር ግን ቀለል ያለ የጥጥ ሸሚዝ፣ ነጣ ያለ ሱሪና ንጹሕ ጫማ ለቆላ መሥሪያ ቤት ከሱፍ ሙሉ ልብስ ያላነሰ ክብር አላቸው። ሽርጡንም በቤቱና በሰፈሩ አሸርጦ ከሽማግሌዎች ጋር ቢቀመጥ ከተማረው ትምህርት አንዲት ፊደል አትጎድልበትም።

ስለዚህ ወጣት ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የሚቀጥለውን ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ከፊቴ ጋር ይስማማልን? ከጠባዬ ጋር ይኖራልን? በምሠራበት አገር ያሠራኛልን? ሦስቱም «አዎን» ካሉ ግዙት፤ ዋጋውንም አትቆጩበት። አንዱ «አይደለም» ካለ ግን ጨርቁን ለነጋዴው መልሱለት። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ያሉት ወርቁ ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሰው ስለ ሆነ ነው እንጂ።