ባዶ ጣሳ ባዶ አይደለም

ባዶ የለስላሳና የቢራ ጣሳዎችን ሰብስቦ የአበባ ማስቀመጫ፣ የሻማ መያዣ ወይም የግድግዳ ጌጥ መሥራት ብዙዎች የሚወዱት የእጅ ሥራ ነው። ይህን ልማድ አንነቅፍም። ሆኖም «ቆሻሻ ከሚሆን ጌጥ ይሁን» የሚለው የተለመደ ማስረጃ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል። ጣሳው መቼ ቆሻሻ ሆነና?

በ1884 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ የተተከለው ክዳን 2.8 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን አሉሚኒየም ነበር። በዚያን ዘመን የዚህ ማዕድን ዋጋ ከብር ጋር ይቀራረብ ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ኃይል ከኦክስጅን የመለየት ዘዴ ካገኙ በኋላ ዋጋው ወረደ። የተፈጥሮ ሕግ ግን ቅናሽ አላደረገም። አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ያለው ቁርኝት እጅግ ጽኑ በመሆኑ፣ 1 ኪሎ ግራም ለማውጣት ዛሬም 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል።

እስቲ እናስላው። አንድ ጣሳ 13 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድን ግድግዳ ያስጌጡ 100 ጣሳዎች 1.3 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ ከማዕድናቸው ለማውጣት የፈጀው ኃይል ደግሞ 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህም ባለ 10 ዋት አምፖል በየምሽቱ ለ5 ሰዓታት አንድ ዓመት ሙሉ ለማብራት ይበቃል። በአንጻሩ ያገለገለ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ፣ እንደገና ለመጠቀም የሚያስፈልገው ኃይል ከመጀመሪያው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጉዳቱ ጣሳውን በማስቀመጥ ላይ አይደለም፤ ብረቱ እስከ ፈለግን ድረስ ይጠብቀናል። ጉዳቱ የሚመጣው በሲሚንቶ ስንሞላው፣ በጠንካራ ሙጫ ስናጣብቀውና ከሌላ ብረት ጋር ስናዋህደው ነው። ያን ጊዜ መለየቱ ከሚያስገኘው ጥቅም ይልቅ ድካሙ ይበልጣልና ማንም አይገዛውም፤ የታመቀው ኃይልም ለዘለዓለም ይባክናል።

ስለዚህ ለሠሪዎች የምንሰጠው ምክር ጌጡ የሚፈታ ይሁን የሚል ነው። በመጀመሪያ ጣሳዎቹን በማግኔት መለየት ይቻላል፤ ማግኔት የሚስበው ብረት፣ የማይስበው አሉሚኒየም ነው። ማያያዣው ከሙጫ ይልቅ ሲባጎ ይሁን። የተቆረጠ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚስል ይታጠፍ። ጣሳ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑም የ220 ቮልት ሽቦ በውስጡ ማሳለፍ ለሕይወት አስጊ ነው።

«ጥቂት ጣሳ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» የሚሉ አይጠፉም። መልሱን በየሰፈሩ ድምፁን እያሰማ የሚዞረው ቆራሌው ያውቀዋል። እርሱ ኑሮውን የመሠረተው በየቤቱ ካለው ጥቂት ነገር ላይ ነው። እኛ በቀመር የምናስረዳውን እርሱ በሚዛን ያረጋግጠዋል። ጌጡ ሲሰለቸን ፈትተን ለእርሱ ልናስረክበው የምንችል ከሆነ፣ ቤታችንን አስጊጠናል፣ ብረቱንም አላባከንንም።