በግሳት የሚባክነው የላባችን ፍሬ ነው

የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት የሚለካው በሀብቱ ብዛት ሳይሆን ከሀብቱ በሚያገኘው ጥቅም ነው። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ሥፍራ መያዟ ዘወትር ይነገራል። ይሁን እንጂ የአገር ውስጥ ዝርያ ላም በቀን በአማካይ ከ2 ሊትር የማይበልጥ ወተት የምትሰጥ መሆኗና ወተት ለብዙ ላብ አደር ልጆች ብርቅ ሆኖ መቅረቱ፣ ብዛት ብቻውን ኩራት እንደማይሆን በግልጽ ያስገነዝበናል።

የችግሩን አንድ ሥር የምናገኘው በላሚቱ ሆድ ውስጥ ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ አራት ክፍል አለው። ከሁሉም በሚሰፋው ክፍል፣ በጨጓራው ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። ሰው ሊፈጨው የማይችለውን ሣርና ጭድ አብላልተው ለላሚቱ ምግብ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ሲብላላ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ ይህንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይሠራሉ። ጋዙም በአብዛኛው በግሳት ይወጣል። በዚህም ከመኖው ጠቅላላ ኃይል ከ100 እጅ ከ2 እስከ 12 የሚሆነው ወተትም ሥጋም ሳይሆን ይባክናል። ይኸው ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ከብትን የምድር ጠላት ያደርጉታል። ሌሎች ደግሞ ጉዳዩ የባለጸጎች አገሮች እንጂ የእኛ አይደለም ይላሉ። ሁለቱንም አንቀበልም። ፕሮቲኑ ከ100 እጅ 7 የማይሞላ ደረቅ ጭድ ብቻ ሲቀርብ ረቂቅ ሕዋሳቱ ራሳቸው ይራባሉ፤ መኖው በሆድ ውስጥ ይከርማል፤ ጋዙ ይወጣል፤ ወተቱ ግን ይነጥፋል። ስለሆነም ለአንድ ሊትር ወተት ብዙ ጋዝ የምታወጣው የተራበችው ላም ናት።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሊሸሸግ አይገባም። በደንብ የተመገበች ላም በቀን የምታወጣው ጋዝ ከተራበችው ሊበልጥ ይችላል። ጠቅላላው መጠን የሚቀንሰው ጥቂት ምርታማ ላሞች የብዙ ደካሞችን ቦታ ሲተኩ ብቻ ነው። ነገር ግን ከብት ለአርሶ አደሩ ማረሻም፣ ጥሪትም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነው። በመሆኑም ቁጥር ቀንስ የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ፍሬ አይሰጥም። አስቀድሞ መኖው ይሻሻል፤ ጥቅሙም በጓዳው ይታይ።

ዘዴው ከአቅማችን በላይ አይደለም። 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ በ100 ኪሎ ጭድ ላይ በመርጨት አየር እንዳያስገባ ለ3 ሳምንት ማፈን የጭዱን ፕሮቲንና የመፈጨት ችሎታ ከፍ ያደርጋል። ሆኖም ያልተመጠነ ዩሪያ መርዝ ስለሆነ የባለሙያ ምክር የግድ ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ለገጠሩ ብቻ የሚተው አይደለም። ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ፣ ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያ፣ ሞላሰሱ ከስኳር ፋብሪካ፣ የብቅሉ ተረፈ ምርት ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው በሠራተኛው እጅ ነው። ከፋብሪካው በር እስከ ላሚቱ ገበታ ደላላ በተፈራረቀ ቁጥር ዋጋው ያሻቅባል፤ ያም ዋጋ ተመልሶ በወተቱ ላይ ሠራተኛውን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ተረፈ ምርቱ ለወተት አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀጥታ እንዲሸጥ የሠራተኛ ማኅበራት ሊጠይቁ ይገባል። የነዋሪዎች ማኅበራትም አተላውና የአትክልት ልጣጩ ከፌስታል ተለይቶ ለከብት አርቢው እንዲደርስ ማስተባበር ይኖርባቸዋል። ፌስታልን የትኛውም ረቂቅ ሕዋስ አያብላላውም፤ ጨጓራን ዘግቶ ላሚቱን ይገድላል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ሌማቱን የሚሞላው መኖው ሲሞላ ነው። ላሚቱን ከመቁጠር በፊት እናብላት!