ደጋፊው እና ተኪው
በካንሰር ሕክምና ውስጥ ደጋፊ እና አማራጭ የሚባሉት ሁለቱ ስያሜዎች የሚለያዩት በሚሰጠው ነገር ሳይሆን ነገሩ በሚይዘው ቦታ ነው፤ ዝንጅብል በኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን በሚገድሉ መድኃኒቶች፣ ሳቢያ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ለማስታገስ ሐኪሙ እያወቀ ሲወሰድ ደጋፊ ሲሆን፣ ያው ዝንጅብል መድኃኒቱን አስቀርቶ ዕጢውን ያጠፋል ተብሎ ሲታዘዝ ግን አማራጭ ይባላል። ቃሉ ራሱ ያሳስታል፤ ከሁለት እኩል መንገዶች አንዱን የመምረጥ ስሜት ስለሚፈጥር «ተኪ» ቢባል ለእውነቱ ይቀርብ ነበር። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያልተሰራጨ ካንሰር ኖሯቸው አማራጩን ብቻ የተከተሉ 281 ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው መደበኛ ሕክምና ካገኙት 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይበልጥ የሚያሳስበው በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ጥናታቸው ነው፤ መደበኛ ሕክምና ጀምረው ደጋፊውን የጨመሩትም ቢሆኑ ቀሪውን ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም ኬሞቴራፒ እምቢ የማለት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነበርና፣ ደጋፊው ቀስ በቀስ ወደ ተኪነት ይንሸራተታል ማለት ነው። ይህን መንሸራተት ለመከላከል ግን፣ በኢትዮጵያም ቢሆን፣ ጸበል የሚጠመቅን ሕመምተኛ መገሠጽ የሚያተርፈው የለም፤ የተገሠጸ ሰው የሚጠጣውን ዕፅ ጭምር ይደብቃል፣ አንዳንዱ ዕፅ ደግሞ ጉበት መድኃኒቱን የሚያስተናግድበትን ሁኔታ ይለውጣል።