የጣና ገዳማት የቡናም ጉዳይ ናቸው

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የቀይ ባሕር ደሴቶቹ ዳህላክ ከነኮራላቸውና ከነጥንታዊ የእስልምና መቃብሮቻቸው ከኢትዮጵያ ካርታ ወጡ። ደሴትንና ቅዱስ ስፍራን በአንድ ጉዞ ማየት ለሚሻ ኢትዮጵያዊ አገር ውስጥ ከቀሩት ዋነኞቹ ዝዋይና ጣና ናቸው። ከጅማ ለሚነሳ ሰው ጣና ሩቅ ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያሻል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ ጉዞውን አክብዶታል። ሰላም ሲወርድ ግን በጅማው አወቱ መንደራ ሰፈር ጀበና ዙሪያ ያደገ ሰው ወደዚያ መሄድ አለበት፤ ሌላው ጎብኚ አይቶ የሚያልፈውን እሱ ቆም ብሎ ያየዋልና።

ጣና ኮራል የለውም። ጥንት የፈሰሰ ላቫ የዓባይን መውጫ ገድቦት የተፈጠረ ሐይቅ ሲሆን ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱን ላየ ሰው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው ቢሉት አያምንም። ብርቅ ነገሩ ያለው በውኃው ውስጥ ነው። ከአንድ ዘር ተከፋፍለው እዚያው ሐይቅ ውስጥ የተፈጠሩ 15 ያህል የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ይኖሩበታል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው አቻቸው ስለጠፋ፣ የሳይንስ ሰዎች የጣናውን በዓለም ላይ የቀረ የዚህ ዓይነት ብቸኛ የዓሣ ስብስብ ይሉታል። እሱም ቢሆን ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ፣ በ1991 እና በ2001 መካከል ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ ነው የሚጠመዱት።

ለጀልባ ተሳፋሪ ይህ ብዙም አይነገረውም። የሚነገረው ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማትገባ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ የነገሥታት አፅም እንዳለ፣ ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ እንዳሠሩት ነው። ከዚያ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ፎቶ ይነሳና ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል።

ጅማዊውን የሚያቆመው ዘጌ ነው። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ የየብስ ምላስ ነው፤ ክብራንና እንጦስ ከፊቱ ይታያሉ። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ የሚያልፈው በቡና ጫካ ውስጥ ነው። በገዳሙ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ሦስት ቦታ ተሰብራ አንዷ ቡና፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ሎሚ ሆነች። ከበትሯ ይልቅ የሚያስገርመው አብሮ የወረደው ሥርዓት ነው፦ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት ክልክል ነው። ማረሻ ያልገባበት መሬት ጫካ ሆኖ ኖረ። ያ ጫካ ባይኖር ገዳማቱ ዙሪያቸውን በተራቆተ ኮረብታ ይከበቡ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሐይቁን ዙሪያ ያየ ይፈርዳል።

ሥርዓት ግን ምሳ አይሆንም። የዘጌ ሰው የሚኖረው በቡናው ነው፤ ቡናው በብዛት በፀሐይ ደርቆ ነው የሚሸጠው። ዋጋው ሲወድቅ ባሕር ዳር የሚፈልገው ማገዶ አለ፣ ዛፉም ከደጅ ነው። ጎብኚ የሚያወጣው ገንዘብ ደግሞ ለጀልባውና ለመግቢያው ነው እንጂ ለጥላ ዛፉ ጠባቂ አይደርስም።

በዚህ ላይ በጅማ ዞን ያለው የአጋሮ አካባቢ ምክር ሊሰጥ ይችላል። የጅማ ቡና ለረጅም ጊዜ በርካሽነቱ ነበር የሚታወቀው። ኋላ ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ ቀዩን እሸት ብቻ ለቅሞ ማጠብ ጀመረ። ዱሮሚና የተባለው የአጋሮ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉም አልተቆረጠም፣ ቡናውም ያው ቡና ነበር።

ታዲያ ዘጌም ማጠቢያ ይተከልለት ማለት ስህተት ነው። በጅማ ዙሪያ የማጠቢያ ፍሳሽ ወንዝ እንደሚያበላሽ ከታች የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ጣና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ጀምሮ በእምቦጭ አረም ተይዟል፤ እምቦጭን የሚያፋፋው እንዲህ ያለ ፍሳሽ ነው። ከአጋሮ መቅዳት የሚያስፈልገው ለቀማውን፣ ማኅበሩንና የሽቦ አልጋ ማድረቂያውን ነው፤ ለእነዚህ ውኃ አያስፈልግም። በአልጋ ላይ እየተገላበጠ የደረቀ ቀይ እሸት መሬት ላይ ከተሰጣው የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ይህን የሚያሳይ ገበሬ ከጅማ ዞን ጎማ ወይም ሊሙ ወረዳ መላክ አዲስ መሥሪያ ቤት ከማቋቋም ይቀላል።

ገዢም ሩቅ አይደለም። ገዳም ሊሳለምና ሥዕል ሊያይ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቡና ጠጪ ነው። ተቆልቶና ታሽጎ፣ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት ግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና ወደቡ ላይ ይጠብቀው፤ የጀልባ ማኅበራቱም ከመመለሳቸው በፊት እዚያ ለመቆም ይስማሙ።