ጋዙ የት ሄደ?

አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጅ ሠሪ ማግኘት ከባድ አይደለም። የመብራት ምሰሶውና የግንባታ አጥሩ «ቤትዎ ድረስ መጥተን እንጠግናለን» በሚሉ ወረቀቶች ተሞልቷል፤ ጎረቤትም የሚጠቁመው ሰው አያጣም። ከባዱ የመጣው ሰው የሚለው እውነት መሆን አለመሆኑን መለየት ነው። የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ «ጋዝ ጨርሷል» ወይም «ሞተሩ ተቃጥሏል»። ሁለቱም በእርግጥ የሚደርሱ ብልሽቶች ናቸው። እንዲህ የበዙት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ለባለሙያው የምንከፍልበት ልማድ ስለሚጋብዛቸው ነው።

ከጋዙ እንጀምር። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ እየሠራ የሚያልቅ ነዳጅ አይደለም። ሞተሩ ጨምቆ ይገፋዋል፤ ከኋላ ባለው ፍርግርግ ሙቀቱን አውጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ በቀጭኗ ቱቦ አልፎ ፍሪዘሩ ጋ ሲደርስ ይተንና ሙቀት ይስባል፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መንገዱ በሙሉ በብየዳ የተዘጋ ስለሆነ ቱቦው እስካልተበሳ ድረስ ያው ጋዝ ለዓመታት ይዞራል። ስለዚህ «ጋዝ ጎድሏል» የሚል ሰው የሚያፈስ ቦታ እንዳለም እየነገረን ነው፤ የት እንደሚያፈስ ካልፈለገ ከጥቂት ወራት በኋላ ለዚያው ሥራ ዳግም መጠራቱ አይቀርም። ደንበኛው ግን «የዛሬ ፍሪጅ ጋዝ አይበረክትለትም» ብሎ እቃውን ይወቅሳል። በደንብ የተሠራ ሥራ የታወቀ ቅደም ተከተል አለው። ቀዳዳው ተፈልጎ ይበየዳል፣ ማጣሪያዋ ትቀየራለች፣ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጣል፣ ከዚያ ጋዙ ታርጋው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ተመዝኖ ይሞላል። ፓምፑ ከተዘለለ የቀረችው ጥቂት እርጥበት ቀጭኗ ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ ሆና መንገዱን ትዘጋለች። ሚዛኑ ከተዘለለ ደግሞ መጠኑ ግምት ነው፤ ለተራ የቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ከሁለት መቶ ግራም ለማይበልጥ ነገር ግምት ሰፊ ስህተት ነው።

ጋዙ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳውን አር 12 ከገበያ ሲያስወጣ ቦታውን አር 134ኤ ያዘ። እሱም ከባቢ አየርን ስለሚያሞቅ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የቅነሳ ስምምነት ተደረሰበት። ዛሬ ብዙ አዳዲስ የቤት ፍሪጆች አር 600ኤ የሚባለውን ጋዝ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ ደግሞ የሚቀጣጠል ነው። ታርጋውን ሳያነብ የብየዳ እሳት የሚለኩስ ሰው ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ለ600ኤ በተሠራ ሞተር ውስጥ 134ኤ መሙላትም ጥገና አይባልም፤ የሞተሩ ልክም ዘይቱም ለዚያ ጋዝ አልተሠራም።

ከጋዝ ውጭ ያሉት ብልሽቶች ብዙዎቹ ርካሽ ናቸው። ኖ ፍሮስት በሚባለው ፍሪጅ በረዶ የሚያሟሟው ማሞቂያ ሲበላሽ፣ ከጀርባው ሽፋን ውስጥ በረዶ ተከምሮ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ላዩ እየቀዘቀዘ ታቹ ይሞቃል። ይሄ ለብዙ ሰው ጋዝ ያለቀ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ሙሉ ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ሞተሩ ለመነሳት ይታገላል፤ ያጉረመርምና «ቀጭ» ብሎ ይጠፋል። ይህ ሲደጋገም ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምትሄደው ከሞተሩ ጎን የተሰካችው ትንሿ ማስነሻ ናት። ሞተሩ በእውነት መቃጠሉን ለማወቅ ማስነሻዋን ነቅሎ በሞተሩ ሦስት እግሮች መካከል በቴስተር መለካት ይቻላል። የሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ድምር ከትልቁ ጋር ከገጠመና ወደ ብረቱ አካል የሚያልፍ ነገር ከሌለ፣ «ተቃጥሏል» የተባለው ሞተር ሌላ ምርመራ ይገባዋል።

ታዲያ ባለሙያው ይህን ሁሉ የማያደርገው ስለማያውቅ ነው? አንዳንዱ አያውቅም። የሚያውቀው ግን ሌላ ችግር አለበት። ከሳሪስ ተነስቶ በሁለት ታክሲ ኮተቤ ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት ይለካል፤ ጥፋቱን ትንሽ ማስነሻ ላይ ያገኘዋል። የዕቃዋን ዋጋ ሲነግረንና የድካሙን ሲጨምርበት «ለዚች ነው ይሄ ሁሉ?» እንላለን። ጋዝ ሞላሁ ሲል ግን ያለ ብዙ ክርክር እንከፍላለን፤ ሲሊንደሩን አይተናል፣ ሲያፏጭም ሰምተናል። ለሚታይ ነገር ብቻ የሚከፍል ደንበኛ የሚታይ ነገር ይሸጥለታል። ሐኪም ቤት ገና ሳንታይ ለካርድ የምንከፍል ሰዎች ለፍሪጅ ምርመራ መክፈል ነውር ሆኖብናል።

መፍትሔው በስልክ ይጀምራል፤ «መጥተህ ለማየት ብቻ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና መስማማት፣ ከተጠገነ ይታሰባል ወይስ ለብቻው ነው የሚለውንም አስቀድሞ መጨረስ። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ «አየሁ» ብሎ ተቀብሎ የሚሄድ አይበዛም ወይ የሚል ይኖራል። ይኖራል፤ ግን ጉዳቱ ልኩ የታወቀ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ያለ ምርመራ የተሞላ ጋዝ የሚያስከፍለው ከዚያ ይበልጣል። ሌላው የሦስት ወር ዋስትና ይበቃል ይላል። በዝግታ የሚያፈስ ቱቦ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላልና ዋስትናው የሚጠቅመው ማፍሰሻው የት እንደተገኘ ከተነገረን ነው። ጎረቤት ያመሰገነው ሰው ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ጎረቤት የሚመሰክረው ቶሎ መምጣቱንና ያን ዕለት መቀዝቀዙን ነው። የብቃት ምዘና ወረቀትም ቢጠየቅ አይከፋም፤ ይሁንና አንዳንዱ ጎበዝ ከጌታው ሥር ሆኖ በእጁ የተማረ ስለሆነ ወረቀት የለውም፤ ወረቀቱም ፓምፕና ሚዛን ይዞ መምጣቱን አይነግረንም። እኔ ብሆን ከወረቀቱ በፊት ስለ ፓምፑ እጠይቃለሁ።

ለመመርመር የሚከፈለው ሰው ሌላው ሊለው የማይችለውን አንድ ቃል ሊል ይችላል፤ «አይጠገንም»። አንዳንዱ ቱቦ ከግድግዳው ውስጥ በፎም ተቀብሮ ነው የሚበሳው፤ እሱን ለማግኘት ሳጥኑን መቅደድ፣ ወይም አዲስ ቱቦ በውጭ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ በአሮጌ ፍሪጅ ላይ ወጪው አያዋጣም። ከጋዝ ሽያጭ ብቻ የሚኖር ሰው ይህን ሲናገር ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል።