የጤና ዓምድ፦ ኤሌክትሪክ የስኳር በሽታን ያድናል ወይ?



“የስኳር በሽታን በኤሌክትሪክ የሚያድን መሣሪያ አለ” ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው ወይ? ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰው ይጎዳል። ለይተን እንየው።

እንጀራም ሆነ ቆሎ፣ ድንችም ሆነ ዳቦ፣ ከተበላ በኋላ ሆድ ውስጥ ይፈጭና ስኳር ይሆናል። ስኳሩ ወደ ደም ይገባል። እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ እንደሚገባ፣ ስኳርም ከደም ወደ ጡንቻ መግባት አለበት። የጎተራውን በር የሚከፍተው ኢንሱሊን ይባላል። ኢንሱሊንን የሚሠራው ቆሽት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የያዘው ሰው ኢንሱሊን አለው። ነገር ግን በሩ ለኢንሱሊን እሺ አይልም። እያደር ቆሽትም ይደክማል። ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው ውሃ ውሃ ይለዋል፤ ሽንቱ ይበዛል፤ ሰውነቱ ይዝላል። ሳይታከም ከቆየ ዓይኑን፣ ኩላሊቱን፣ ልቡንና እግሩን ይጎዳዋል።

ታዲያ ኤሌክትሪክ ምን ያደርጋል? ጎተራው ሌላም በር አለው። ጡንቻ ሲሠራ፣ ያለ ኢንሱሊንም ቢሆን ስኳር ከደም ይወስዳል። ሉዊጂ ጋልቫኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም፣ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚኮማተር እ.ኤ.አ. በ1791 ጽፏል። የዛሬው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሽቦው ከጭን ላይ ይለጠፋል። ተመጥኖ የተሠራ ቀላል ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ሰውየው ቁጭ ብሎ ሳለ ጡንቻው ይኮማተራል፤ መልሶ ይላላል። እንዲህ ሲሠራ ስኳር ይጠቀማል። በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የደም ስኳር ቀነስ እንደሚል አሳይተዋል። መራመድ ለማይችል ሕመምተኛ፣ በሐኪም እጅ ሊረዳ ይችላል።

ነገር ግን መቀነስ ሌላ፣ መዳን ሌላ! በመሣሪያው ተማምኖ ኪኒኑን ወይም መርፌውን የተወ ሰው ስኳሩ ያሻቅብበታል። ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። የልብ ትርታ የሚያስተካክል መሣሪያ የተገጠመለት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጠቀሙበት። እግሩ የደነዘዘ ሰው ቆዳው ቢቃጠል እንኳ ላይሰማው ይችላል። የቤት መብራት ሽቦማ ይገድላል። ከቶ አይሞከርም።

መሣሪያው የሌለውስ ምን ያድርግ? ጡንቻን የሚያሠራው ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። የሚያርስ፣ የሚያጭድ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ገበያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ያንኑ በር ይከፍታል። ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ደግሞ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ፈጠን ብሎ ይራመድ። ድምሩ 150 ደቂቃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ይመክራል። የስኳር ሕመምተኛ ግን በባዶ እግሩ አይሂድ። ማታ ማታ እግሩን አገላብጦ ይይ፤ ቁስል ካየ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መርፌ የሚወጋ ሰው በሥራ መካከል ካላበውና ከተንቀጠቀጠ፣ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ።

“በዚህ መሣሪያ ትድናለህ” የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የጤና ባለሙያ ጠይቁ። ደማችሁንም ተለኩ። ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፤ ሻጩ አይደለም።

በሰፈራችሁ ስኳር ያለበት፣ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ አንብቡለት።